ያልተቃጠለው ጮጮ

ሱሉልታ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ አንድ የውጭ አገር ሙዚየም ጥንታዊ የአፍሪካ የጥበብ ሥራዎችን በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ማድረጉን ደረስኩበት። ፎቶዎቹን ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በፕሮጀክተር አሳየሁ። እያንዳንዱን ዕቃ በአራት ጥያቄ እንመረምራለን፤ ከምን ተሠራ? እንዴት? ለምን? ምን ደረሰበት? አራተኛው የራሴ ፈጠራ ስለነበር አብልጬ እወደው ነበር።

ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር ብቻዋን የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ቤተሰቦቿ ላም ያረባሉ፤ ጠዋት ወተት አድርሳ ነው የምትመጣው። ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች "ጭስ ጭስ ትሸታለች" ሲሏት ጊዜ ራሷ ቦታ ቀየረች። ወደ ፊት እንድትመለስ ሁለቴ ለምኛት "እዚህ ይሻለኛል ቲቸር" ብላኛለች።

ከማሊ ጭምብልና ከኮንጎ የእንጨት ትራስ ቀጥሎ፣ ከእኛው አገር የሄደ የወተት ዕቃ ግድግዳው ላይ መጣ። ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሰፋ ነው፤ ክዳንም አለው። ሁለተኛው ፎቶ ውስጡን ያሳያል። ጥቁር ነው።

"ምን ደረሰበት?" አልኩና መልሱንም ራሴው ቀጠልኩ። "ልብ በሉ፣ ውስጡ ከስሏል። ከቤት ቃጠሎ የተረፈ መሆን አለበት።" ስለ ቅርስ ጥበቃም ትንሽ አከልኩበት።

ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

"ሂን ጉባንኔ!" አለች ልጅቷ በኦሮምኛ፤ ወዲያው አፏን ያዘች። "አልተቃጠለም ማለቴ ነው ቲቸር። ጮጮ እኮ ነው። በወይራ ጭስ ታጥኖ ነው የጠቆረው።"

"ለምን ይታጠናል?" አልኩ። እኔ የላስቲክ ወተት ጠጥቼ ነው ያደግኩት።

"ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ። ደግሞ ይጣፍጣል። እኛ ቤት የማጥነው እኔ ነኝ።"

የቤታቸውን ጮጮ እንድታመጣ ጠየቅኳት። በማግስቱ ይዛ መጥታ ፊት ቆመች፤ ፍሙ እንዴት እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚደፋ አስረዳች። እንደኔ አንድ፣ ሁለት ብላ ቁጥር አልሰጠችውም፤ ግን ከአራቱ ጥያቄዎች ሳይመለስ የቀረ አልነበረም። ከዚያ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከአዲስ አበባዎቹ ልጆች ዋነኛው ቀላጅ አፍንጫውን ከተተበትና ጮኸ፤

"አንቺን አንቺን ይሸታል!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልቆጣ ስል ቀደመችኝ።

"ታዲያ! እኔ ያጠንኩት ማንን ይሽተት?"

ልጁ ጮጮውን ለጎረቤቱ ከማቀበሉ በፊት እንደገና አሸተተው፤ በዚህኛው ግን ቀስ ብሎ ነበር። እሷ ክዳኑን እንደያዘች ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ዕቃዋ እስኪመለስ ጠበቀች። ሲመለስም ከዚያ አልተነሳችም።