የይለፍ ቃል ፍለጋ ወደ ቁይ

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ ወጣቶቹ ባልደረቦቼ አዲስ ፕሮግራም ሲጭኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ሩቅ ያሉ ሰርቨሮችን አድራሻና ቁልፍ በአንድ ቦታ የሚይዝ፣ ስማቸውን ብቻ ሲጽፉለት የሚያስገባ ፕሮግራም ነው። አንደኛዋ ልጅ ዞር ብላ ዋናውን የይለፍ ቃል ስንት ሰው ይወቀው ብላ ጠየቀችኝ። ከአንድ ሰው በላይ አልኳት። ምክንያቱን ለመንገር ግን ጊዜ አልነበረንም፤ ነገሩ ረዘም ይላል።

ከብዙ ዓመት በፊት ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ተቀጥሬ ገና ሥራ እየለመድኩ ነበር። የኮምፒውተር ክፍላችን ከሬጅስትራሩ ጀርባ ያለች፣ ክረምት ሲገባ ግድግዳዋ የሚያልባት ጠባብ ክፍል ናት። ሌላው ባልደረባችን ሥራ ለቆ ስለሄደ የቀረነው እኔና ይበልጣል ነበርን። ይበልጣል ከቁይ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የመጣ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ልጅ ሆኖ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ለቃላት ያለው ፍቅር ምናልባት ከዚያ የመጣ ይሆናል።

የኮሌጁ ሰርቨሮች፣ መረጃው ሁሉ የሚከማችባቸው ኮምፒውተሮች፣ የተቀመጡት ባሕር ዳር ነበር። እኛ ማርቆስ ቁጭ ብለን በኔትወርክ እየገባን ነው የምንሠራባቸው። እያንዳንዳቸው ረጅም የይለፍ ቃል አላቸው፤ እኔ አንዱን ከሌላው እያምታታሁ ስቸገር ይበልጣል አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት ቁልፍ የለው፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ «ግባ» ብሎ የሰርቨሩን ስም መጻፍ ነው። አንዱን ዋና የይለፍ ቃል ይጠይቅና የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ትእዛዙ ለወንድ ብቻ ነው እንዴ የወጣው ብዬ ቀለድኩበት። በማግስቱ ስሞክረው «ግቢ» ብዬ ብጽፍም የሚከፍት ሆኖ አገኘሁት።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ነው ነገሩ የመጣው። ባልደረባችን ስለለቀቀ ዲኑ የይለፍ ቃሎች በሙሉ ይቀየሩ ብለው አዘዙ። ይበልጣል ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዋናውንም ሌሎቹንም ቀየራቸው። እኔ ያን ቀን ለክርስትና ተጠርቼ አማኑኤል ከተማ ሄጃለሁ። በወረቀት ላለመጻፍ፣ በስልክም ላለመናገር ተስማምተን ስለነበር አዲሱን ሰኞ ጠዋት በቃል ሊነግረኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ይበልጣል አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። ረፋድ ላይ ደግሞ የተማሪዎች ውጤት የሚያዝበት ፕሮግራም ቆመ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ የሰርቨሩ ማስቀመጫ ሞልቶ ነው። ገብቶ አሮጌ ቅጂዎችን ማጥፋት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፣ ትንሽ ሥራ ነው። ግን መግባት አልቻልኩም። ባሕር ዳር ያለው ባለሙያ በስልክ ሳናግረው እሱ የሚችለው አጥፍቶ ማብራት እንደሆነ፣ ከዚያ ካለፈ ሁሉን ደምስሶ እንደ አዲስ መጀመር እንደሚሆን ነገረኝ። አጥፍቶ አበራው፤ ምንም አልተለወጠም። መደምሰሱን ደግሞ ማን ይደፍረዋል? የተመራቂዎቹ የመጨረሻ ውጤት ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ምርቃቱም ደርሷል። ልጆቹ ዝናቡን ሸሽተው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመው በመስኮት ያዩኛል። የብዙዎቹ ወላጆች ጠላ ጠምቀው እየጠበቁ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ወሬው ግቢውን አዳረሰ። ይበልጣል የትምህርት ዕድል ጠይቆ ተከልክሎ ከዲኑ ጋር ተጨቃጭቆ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። መምህራን ክበብ ውስጥ ሽሮ የቀረበላቸው ሰዎች ቆልፎብን ሄደ እያሉ ይቀባበላሉ። የተከራየበት ቤት ሄጄ ብጠይቅ አከራይዋ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተጣድፎ መውጣቱን፣ ወዴት እንደሆነ ግን አለመናገሩን ነገሩኝ። ይህንንም ይዤ ስመለስ ጥርጣሬውን አባባስኩት እንጂ አላቀለልኩትም።

ማታ ሊሆን ሲል ዲኑ አስጠሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈርተው ነበር። እስከ ነገ ካልተገኘ ለፖሊስ እንደሚያመለክቱ ነገሩኝ።

«አንድ ቀን ይስጡኝ» አልኳቸው። «ቤተሰቡ ያሉበት ቁይ ነው። ሄጄ ልፈልገው።»

«ካገኘሽው ምን ልትይው ነው?»

ብቻ ሂጂ አሉኝ።

ማክሰኞ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ቀልጧል፤ ጎማው ሲንሸራተት ሰዉ ሁሉ አብሮ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ግራና ቀኙ ለጤፍ ደጋግሞ የሚታረስ ጥቁር መሬት ነው፤ የተገለበጠው አፈር ሽታ በተሰነጠቀው መስኮት ይገባል። አንድ ቦታ ስንቆም ከአንዲት ሴት ትኩስ ቅቅል ድንች ገዛሁ። ሚጥሚጣ ነስንሳ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። እጄን አሞቀኝ እንጂ አልበላሁትም። የይበልጣልን ክፋት አላምንም ነበር፤ ግን የሰው ወሬ ጆሮ ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም። ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ «አዎ፣ ሆን ብዬ ነው» ቢለኝስ? ከዚያ በኋላ ማንን አምናለሁ?

ቁይ ስደርስ ካፊያው ቆሞ ነበር። መኪና መቆሚያው አጠገብ ነጭ ሽንኩርት ዘርግተው የተቀመጡ እናት አገኘሁና የይበልጣልን ስም ጠራሁላቸው፤ ማርቆስ ኮሌጅ የሚሠራ ብዬ።

«የእናኑ ወንድም ነው?» አሉ ቀና ብለው።

ነው አልኳቸው። ታሪኩን ከእሳቸው ሰማሁት። ታናሽ እህቱ እናኑ በምጥ ተይዛ ልጁ አልወጣ ብሏት ነበር። ቅዳሜ ወንድሟ በስልክ ተጠርቶ ሲደርስ ከጎረቤት ጋር ሆነው በቃሬዛ ተሸክመው፣ የሞላ ወንዝ ተሻግረው እስከዚህ ጤና ጣቢያ አመጧት። ጤና ጣቢያው ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነው ብሎ በአምቡላንስ ላካት።

«ወዴት ላኳት፣ እናቴ?»

«ማርቆስ ነዋ። አንቺስ ከዚያው አይደል የመጣሽ?»

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች ግን አላወቁም። መትረፏን የነገራቸው የለም።

ያመጣኝ ሚኒባስ ሰው ሞልቶ ሊመለስ ነበር፤ በዚያው ተመለስኩ። እኛ ጠፋ ስንለው ይበልጣል ያለው ከቢሮአችን በእግር በሚደረስበት ሆስፒታል ኖሯል። መንገዱ ስሄድ ከነበረው የረዘመ መሰለኝ። ሰርቨሩ ከሐሳቤ ወጥቶ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት በሕይወት ትኑር ብዬ ነበር የምጸልየው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከማዋለጃው ክፍል ጀርባ አስታማሚዎች የሚጠለሉበት የቆርቆሮ ዳስ አለ። ይበልጣል እዚያ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጋቢው ተንሸራቶ መሬት ነክቶ ተኝቷል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ደርቆበታል። ስሙን ስጠራው ነቅቶ ትክ ብሎ አየኝ።

«ስመኝ?» አለ ስሜን ጠርቶ። «ማን ነገረሽ?»

«እህትህስ?»

«ተርፋለች» አለኝ። «ሁለቱም ተርፈዋል። ሴት ልጅ ናት።»

ያን ስሰማ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ ወንዙን ሲሻገሩ ቃሬዛው እንዳይዘም ትከሻውን ሲያስተካክል ስልኩ ከኪሱ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ቀረ። እዚህ ሲደርሱ በቀዶ ሕክምና ወለደች፤ ደም ተፈለገ፣ እሱም ባሏም ሰጡ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ሐኪሞቹ አይዟችሁ አላሏቸውም ነበር።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ማክሰኞ።»

ያን ጊዜ ነው የይለፍ ቃሉ ትዝ ያለው። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ነገረኝ። ይበቃ ነበር፣ ብቻዬን ሄጄ መክፈት እችል ነበር። ግን ክበብ ውስጥ የተባለውን ሁሉ ሳስበው እሱ ራሱ እንዲታይ ፈለግሁ። የሚወራውን አልነገርኩትም፤ አብረን እንሂድ ብቻ አልኩት። ለእህቱ ባል ነግሮ ተነሣ፤ በባጃጅ ሄድን።

ከነጭቃው ገብቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ዲኑና የሬጅስትራሩ ኃላፊ ከኋላው ቆሙ። ጻፈ፣ ገባ፣ አሮጌዎቹን ቅጂዎች አጠፋ፣ ፕሮግራሙን አስነሣ። የተመራቂዎቹ ስም ከነውጤታቸው ስክሪኑ ላይ ወረደ፤ አንድም የጎደለ የለም። የሬጅስትራሩ ኃላፊ ትንፋሻቸው ሲወጣ ተሰማኝ። መስኮቱ ላይ የነበሩት ልጆች ከፊታችን አይተው አወቁ መሰለኝ፣ መተቃቀፍ ጀመሩ።

ዲኑ ግን የይበልጣልን ሱሪ ነበር የሚያዩት። የት እንደነበረ እኔ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«እህትህ መቼ ነው የምትወጣው?» አሉት።

«ሐሙስ ይላሉ።»

«የኮሌጁ መኪና ያደርሳታል። ለሾፌሩ እኔ እነግረዋለሁ።»

ስለ ፖሊስ ዳግመኛ የተነሣ ነገር የለም። ያን ዕለት ወደ ሆስፒታሉ ተመልሼ እናኑን ጠየቅኋት። ዘመዶቿ ያመጡትን ትኩስ አጥሚት ለእኔም ቀዱልኝ፤ ማር የገባበት፣ ወፍራም። ከጠዋት ጀምሮ የበላሁት ነገር ስላልነበረ እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም። ሕፃኗ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ፊቷ ቀይ ነው፣ ጭራሽ ከእኛ ጭንቀት የምታውቀው ነገር የለም።

ይበልጣል ኋላ የትምህርት ዕድሉን አግኝቶ ሄደ፤ አሁን ባሕር ዳር ይኖራል፣ በበዓል እንደዋወላለን። ያቺ ሕፃን ትልቅ ሰው ሆናለች። እኔም ከዚያ ወዲህ ብዙ የተቆለፉ ሰርቨሮች አጋጥመውኛል፤ አብዛኞቹ ተከፍተዋል፣ ያልተከፈቱትም ተረስተዋል። ከዚያ ቀን የቀረልኝ ሌላ ነው። ዛሬም ሰው ስልክ አላነሣ ሲል፣ በቀጠሮው ሲቀር፣ አጠገቤ ያሉት ሰዎች ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ፣ እኔ መጀመሪያ የሚታየኝ ሞልቶ የሚወርድ ወንዝና ትከሻው ላይ ሰው የተሸከመ ሰው ነው። ትንሽ እንጠብቀው እላቸዋለሁ።