ከሥዕሉ ሥር ያለው ጠረጴዛ

የወይንሐረግ ዙሪክ በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያ ሥዕል አምርራ የጠላችው ነገር አልነበረም።

ሥዕሉ የተሰቀለው አስተናጋጅ ሆና በምትሠራበት አሮጌ ምግብ ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የተሣለ ነው ይሉታል። ቦታው የገጠር መጠጥ ቤት ነው። ካርታ ሲጫወቱ የነበሩ ሁለት ገበሬዎች ተናንቀዋል፤ ወንበር ተገልብጧል፤ ቢራው ወለሉ ላይ ይፈሳል። የአንደኛው ሚስት ልትገላግል ገብታ በክርን ተመትታ ደሟ ከአፍንጫዋ እስከ አገጯ ወርዷል። ከኋላቸው ደግሞ ብርጭቋቸውን የያዙ ጠጪዎች ተደርድረው ይስቃሉ። አንዱማ ድዱ እስኪታይ ገጥጦ፣ ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው። የወይንሐረግ ተደባዳቢዎቹን ብዙም ነገሬ አላለቻቸውም፤ የሰከረ ሰው ሲደባደብ አይታ ታውቃለች። የሚያንገፈግፏት እነዚያ የሚስቁት ነበሩ።

ወደ ስዊዘርላንድ የመጣችው በወጣትነቷ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የልብስ ሱቅ ሥራዋን ትታ ነው። ጥገኝነት ጠይቃ መጀመሪያ ዙሪክ አጠገብ ያለች ኡስተር የምትባል ከተማ ተመደበችና ጀርመንኛውን እዚያ ለመደች። ከዚያ ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ሰፈር ቢሮ ስታጸዳ ኖረች። ጎንበስ ቀናው ወገቧን ሲጎዳት ወደ ምግብ ቤቱ ገባች። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከሰው ጋር እያወሩ መዋልን ወደደችው። ተጫዋች ስለሆነች ደንበኞቹም ወደዷት።

ያልለመደችው የደንበኞቹን ፎቶ ነው። ወንዶቹ በልተው ሲጨርሱ ከሥዕሉ ሥር ይቆሙና አንዱ የሌላውን ጉሮሮ ያንቃል፤ የቀሩት እየሳቁ ያነሷቸዋል። አንድ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች እንደዚሁ ሲሆኑ፣ ጉንጩ የቀላ አንድ ሰውዬ «ሴትዮዋ ጎደለችን!» ብሎ የወይንሐረግን ክንዷን ይዞ ጎተታት።

ወደ ሼፏ ዞር ብላ አየች። እዚያ አገር አለቃን ሁሉ ሼፍ ነው የሚሉት። «አንድ ደቂቃ ነው» አላት ከባንኮኒው ጀርባ። «ጥሩ ደንበኞች ናቸው።»

ቆመች። ሰውዬው ከሳህኑ ላይ ስጎ በጣቱ ጠቅሶ ከአፍንጫዋ ሥር ቀባት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መታጠቢያ ቤት ገብታ ፊቷን በሳሙና ደጋግማ ፈተገች፤ የስጎውና የሰው ጣት ሽታ ግን አልለቅ አላት። ወጥታ ላንሲ፣ ጄኔቭ አጠገብ ለምትኖረው ታናሽ እህቷ ለመስከረም ደወለች።

«ለምን በያዝሽው ሳህን አላልሽውም?» አለች መስከረም።

«አቅለሸለሸኝ እኮ ነው የምልሽ። የሚያቅለሸልሸው ሰው ይማታል?»

ቢሆንም ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ አንድ እሑድ፣ ለምሳ የመጡ ባልና ሚስት ከሥዕሉ ሥር ባለው ጠረጴዛ ተቀመጡ። ባልየው ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሚስቱን በቀስታ እያናገረ ከጠረጴዛው ሥር የእጇን አንጓ ሲጠመዝዝ የወይንሐረግ አየች። ሴትዮዋ አንድ ነገር መለሰችለት። ብድግ አለና ወይኑን ፊቷ ላይ ደፋው፤ ልትነሳ ስትልም ትከሻዋን ገፍቶ አስቀመጣት።

ጎን ካለው ጠረጴዛ አንዱ «ልክ እንደ ሥዕሉ!» ብሎ አጨበጨበ። ሳቁ ተዛመተ። አንዷ ስልኳን አወጣች።

የወይንሐረግ ትሪውን አስቀምጣ መሐላቸው ቆመች። «እጅህን አንሳ!»

ሼፉ እየሮጠ መጣ። «አንቺ ወጥ ቤት ግቢ። የባልና የሚስት ጉዳይ ነው» አላት፤ ለባልየውም ሌላ ወይን በነጻ ቀዳለት። የወይንሐረግ ለሴትዮዋ ፎጣ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ቀና ብላ ሳታያት ፊቷን ጠረገችና «ምንም አይደለም» አለች፤ ፈገግ ልትልም ሞከረች።

የወይንሐረግ ወጥ ቤት ገብታ ለፖሊስ ደወለች። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ባልና ሚስቱ ሄደዋል። ሼፉ አንድ ብርጭቆ እንኳ እንዳልተደፋ ነገራቸው። ሲስቁ የነበሩት በሙሉ፣ ስልክ ያወጣችውም ጭምር፣ ምንም አላየንም አሉ። የወይንሐረግ እየዞረች ፊታቸውን አየች። አንዱ ኬኩን እየበላ ነበር። ሽርጧን ፈትታ ባንኮኒው ላይ ወረወረችና ወጣች፤ አልተመለሰችም።

አሁን ላንሲ ከእህቷ ጋር ትኖራለች። በአንድ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ፈረንሳይኛ እንደ አዲስ ትማራለች። ሼፉ አንድ ጊዜ ደውሎ «ደንበኞቹ ያቺ ሳቂታዋ የት ሄደች ይሉኛል» ቢላት ዘጋችበት።

በቅርቡ ከመስከረም ጋር የክርስትና ድግስ ተጠርተው ሄዱ። ፊሊጶስ የሚባል ሰው፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ ናኒ የፈረንሳይኛ ፈተና ስትወድቅ እንዴት እንደተንተባተበች በእንግዳው ፊት እያስመሰለ ያወራ ጀመር። ቤቱ ሳቀ። የወይንሐረግ ሳህኗን አስቀምጣ ወጣች።

መስከረም አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ተከተለቻት። «ምን ነካሽ የወይኔ? አሳፈርሽኝ እኮ! ጨዋታ ነው።»

«ናኒን አየሻት?»

«አላየሁም» አለች መስከረም። «እሱን ነበር የማየው።»

ኮቶቻቸው እዚያው ቀርተው ነበር። መስከረም ልታመጣ ተመልሳ ገባች፤ ስትወጣ ናኒም አብራት ነበረች።