ሳጥኑን ያወቀ ሌባ

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በጋይንት የአንዲት የገጠር ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያንን ዕቃ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። ቁልፉን ከአንገታቸው አያወልቁም ነበር።

በ2005 ዓ.ም. የቀድሞ ተማሪያቸው ዓለምነህ ከባሕር ዳር ካሜራ ይዞ መጣ። የድጓ ዜማ ትምህርቱን ትቶ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኗል። «የኔታ፣ እሳት እንኳ ቢነሣ ፎቶው ይተርፋል» ብሎ ለመናቸው። ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅደው ብራናዎቹን አንድ በአንድ ፎቶ አስነሡ። ዓለምነህ ፎቶዎቹን፣ የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ሳጥን እንዳለ ከሚናገረው ዝርዝር ጋር፣ የአገር ልጆች ማኅበር ድረ ገጽ ባለበት የኢንተርኔት ኮምፒውተር፣ ሰርቨር ላይ በይለፍ ቃል ቆልፎ አኖራቸው።

በዓመቱ ግንቦት ላይ ሌቦች ጣራ ቀደው ገቡ። ከአሥራ አንዱ ሳጥን የነኩት አንዱን ብቻ ነው፤ ከአልባሳቱ ሥር የተደበቀውን። ባለ ሥዕሉን ተአምረ ማርያም ይዘው ሄዱ።

«ይህን ሳጥን ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቀዋል?» አላቸው የፖሊስ መርማሪው።

«እግዜር።»

አሰራቸው።

ዓለምነህ ወሬውን ሲሰማ የሰርቨሩን መዝገብ አገላበጠ። ከስርቆቱ ሦስት ሳምንት በፊት አንድ ያልታወቀ ሰው ያለ ይለፍ ቃል ገብቶ ዝርዝሩን ወስዶታል። ሰርቨሩን የሚያሠራው ፕሮግራም ክፍተት ነበረበት፤ የድረ ገጹን አድራሻ አጣሞ ለጻፈ ሰው የተቆለፈውን ፋይል አውጥቶ ይሰጥ ነበር። ዓለምነህ ይህን አትሞ ለመርማሪው አቀረበ። «ወረቀት ሰው አያስፈታም» ተባለ። ከዚያ እስር ቤት ሄደ።

«የኔታ፣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው።»

«መድኃኒት የለውም?»

«አለው።»

«መቼ ተገኘ?»

ዓለምነህ አቀረቀረ። «ሠሪዎቹ ማስተካከያውን ያወጡት ጥቅምት ላይ ነው። እጭነዋለሁ ስል፣ ዛሬ ነገ ስል...»

መሪጌታ በጣታቸው ቆጠሩ። «ሰባት ወር» አሉ። «አንዲት የዜማ ምልክት ብትስት እኮ ድጓውን ከራሱ ነበር የማስጀምርህ።» ተነሥተው ወደ እስር ክፍላቸው ተመለሱ።

በሦስተኛው ወር፣ በፍልሰታ፣ ማስረጃ ታጥቶ ተፈቱ። የሰበካው ሊቀ መንበር አበጀ «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ» አላቸው። ሰበካ ጉባኤው ግን ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። መሪጌታ ቅዳሴ ሲገቡ አጠገባቸው የቆመ አልነበረም። መጽሐፉም አልተገኘ፣ ሌቦቹም አልተያዙ።

አሁን ወንዝ ተሻግረው ሌላ ደብር ያገለግላሉ። ዓለምነህ በደወለ ቁጥር ስልኩን የምታነሣው ባለቤታቸው አዛለች ናት። «የሉም» ትለዋለች፣ እርሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው።