በተውሶ ወንበር የተቀበሉን ሴቶች

በጽሑፍ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው፦ በሐርጌሳ የሼክ ኑር ሰፈር ሴቶች ማኅበር እንግዳ በደንብ ስለተቀበለ ድጋፍ ተከለከለ። ሌላ ጥፋት አልነበረባቸውም። ሥራቸውን የነቀፈ የለም፤ ታማኝነታቸውን የጠረጠረ የለም። ወንበር አቀረቡ፣ ምንጣፍ አነጠፉ፣ በዚያው ተቀጡ። የቀጣቻቸው ክፉ ሰው ብትሆን ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለችም። በጣም የምወዳት ልጅ ናት፤ ይህን ስታነብም "እማማ፣ ደግሞ ጀመሩ" እንደምትል አውቃለሁ።

ከአዲስ አበባ የመጣች ናት። ለጤና ሥራ እና መብታቸው ለተነካ ሰዎች ገንዘብ በሚሰጥ ፋውንዴሽን ውስጥ ፕሮግራም ኦፊሰር ሆና ሐርጌሳ ተመደበች። ሥራዋን መጀመሪያ ስታስረዳኝ ገንዘብ ማደል መስሎኝ ቀናሁባት። ኋላ አጠገቧ ሆኜ ሳየው፣ ከገንዘብ ይልቅ የምታድለው "አይሆንም" የሚለውን ቃል ነው። ለአንዱ እሺ ለማለት ስንቱን አይሆንም ትላለች። ለዚህ ይመስለኛል ሰላም ስትል እንኳ ይቅርታ የምትጠይቅ የሚመስለው።

እኔ አጠገቧ እንዴት ደረስኩ? ሶማሌ ነኝ፤ ያደግኩት ግን ድሬዳዋ ነው፤ እስከ አራተኛ ክፍል በአማርኛ ተምሬአለሁ። አሁን ሐርጌሳ ውስጥ 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ከልጄና ከልጅ ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ፣ ሶማሊኛ የማትችል አንዲት የኢትዮጵያ ስደተኛ ተራዋን ደጋግመው ሲያሳልፏት አየሁ። ወረፋው እስኪስተካከል ድረስ ጮህኩ። ይህቺ ልጅ ለሥራ መጥታ ጥግ ላይ ቆማ ነበርና ሰማችኝ። በሳምንቱ የፋውንዴሽኑ አማካሪ ኮሚቴ ውስጥ ከማኅበረሰቡ ወገን እንድገባ፣ በጉብኝትም አብሬያት እየወጣሁ እንዳስተረጉም ለመነችኝ። ጩኸቴን ሰምታ ነው የወሰደችኝ። ኋላ በጩኸቴ ብትማረር አልሰማትም።

የሼክ ኑር ሴቶች የሚሠሩት እንዲህ ነው። አንዲት ስደተኛ ምጥ ሲይዛት፣ ሶማሊኛ የምትችል የማኅበሩ አባል ይዛት ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች። የት እንዳመማት ለአዋላጇ ትነግርላታለች፤ እስክትገላገል አጠገቧ ትቀመጣለች። ራሳቸውም ከኢትዮጵያ የተሰደዱ፣ ቀን ቀን ሻይ የሚሸጡ፣ ሰው ቤት ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ናቸው። መኪና የላቸውም። ባጃጅ ከተገኘ በባጃጅ፣ ካልተገኘ በእግር ነው። የጠየቁት አንድ ባጃጅ እና ተረኛዋ የቀን ሥራዋን ስትተው የምትበላበት ትንሽ አበል ነበር። ብዙዎቹ አባላት ደክሟቸው ቀርተዋል። ሊቀመንበሯ ከሐረርጌ የመጣች፣ በአገሯ ደንብ እንደ እናት አክብራ "አዴ" የምትለኝ ሴት ናት። ድጋፉ ካልመጣ ማኅበሩ እንደሚዘጋ፣ ሴቶቹም ብቻቸውን ሄደው እንደ በግ ዝም ብለው እንደሚወልዱ ነግራኛለች።

ልናያቸው እንደምንሄድ ከቢሮ አስቀድሞ ተነገራቸው። ይህ ሳይት ቪዚት ይባላል። ስንደርስ በሩ ላይ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሏል። ውስጥ ወፍራም ምንጣፍ፣ በግድግዳው ዙሪያ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ የሚሽከረከር ቬንትሌተር። ጠረጴዛው ላይ ሀልዋ፣ ተምር፣ ሳምቡሳ፣ በተርሙስ የግመል ወተት ያለበት ሻይ።

"ቢስሚላህ፣ ብሉ እንጂ" አለች ሊቀመንበሯ።

"እኔ ውሃ ብቻ ነው የሚፈቀድልኝ" አለች የእኔዋ ልጅ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

ሊቀመንበሯ ወደ እኔ ጠጋ አለች። "አዴ፣ ታማለች እንዴ?"

"አልታመመችም። ፕሮግራም ኦፊሰር ናት።"

"አላህ ያሽራት።"

ከአመልካች ቤት ከውሃ በቀር እንዳትቀምስ የፋውንዴሽኑ ደንብ ይከለክላታል፤ የእሷንም ድርሻ እኔ በላሁ። ልጅቷ ጥያቄዎቿን በተራ ጠየቀች፣ መልሱን ጻፈች፣ ዙሪያዋን አየች። ዓይኗ ቬንትሌተሩ ላይ ቆየት ሲል አስተውያለሁ። ሞቋት መሰለኝ።

ዕቃው ከየት እንደመጣ ለእኔ የሚነገር ነገር አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ ቤት ከጎረቤት ይሞላል። ምንጣፉ ከአንዱ ቤት፣ ተርሙሱ ከሌላው፣ ወንበሩ ለሠርግ ከሚያከራየው ሰውዬ በልመና ይመጣል፤ እንግዳው ሲሄድ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። ይህን ለእንግዳው መንገር፣ ባትመጣ ኖሮ አንቸገርም ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ማንም አይናገርም። እኔም አልተናገርኩም።

ኮሚቴው ሲወስን እኔ በርበራ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ስመለስ ቢሮዋ ገብቼ ጠየቅኳት።

"የሼክ ኑሮቹ ነገር ምን ሆነ?"

"አላለፉም እማማ።"

"ለምን?"

"የተሻለ አቅም አላቸው። የበለጠ የሚያስፈልጋቸው አሉ።"

"የምን አቅም?"

"አብረን አይተን የለ? ምንጣፍ አላቸው፣ ወንበር አላቸው፣ ቬንትሌተር አላቸው።"

ሳቅ ያዘኝ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ከጎን ክፍል ሰው ውሃ ይዞልኝ መጣ። ልጅቷ ደንግጣ ጀርባዬን ትመታለች።

"ከጎረቤት ነው እኮ" አልኳት ትንፋሼ ሲመለስ።

"ምኑ?"

"ሁሉም። የራሳቸው የሆኑት ሴቶቹ ብቻ ናቸው።"

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። "ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" አለች።

"እናትሽ ቤት እንግዳ ሲመጣ፣ ብርጭቆው የጎረቤት ነው ብለሽ ተናግረሽ ታውቂያለሽ?"

"እናቴ ትገድለኝ ነበር" አለች። ልትስቅ ስትል ተወችው።

ድጋፉን ያገኘው ማን እንደሆነ ስጠይቃት ስሙ በር ላይ የተለጠፈ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ያለው አንድ ድርጅት ሆኖ አገኘሁት። ቢሯቸውን አውቀዋለሁ፤ ወንበራቸው ሰው ተቀምጦበት ይሽከረከራል።

"እነሱስ ወንበር የላቸውም?" አልኳት።

"እማማ፣ እሱ የድርጅት ንብረት ነው።"

ለእሷም መፍረድ አለብኝ። ከዚያ በፊት አንድ ማኅበር መኪናውን በሸራ ሸፍኖ ደብቆ፣ እሷን አፈር ላይ አስቀምጦ አልቅሶባታል። አምናቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን እንጂ ጆሮዋን ማመን ትታለች። አሁን ደግሞ ውሳኔው ውጭ አገር ያለው ዋና ቢሮ ደርሶ ጸድቋል። ለተከለከለ አመልካች ምክንያቱ አይነገርም፤ "እናመሰግናለን፣ በዚህ ዙር አልተቻለም" የሚል ኢሜይል ይላካል፣ በቃ።

"ለምን አይነገርም?" አልኳት።

"ክርክር ያስነሳል።"

"ክርክር ምን አደረገሽ?"

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መቁጠሪያዬን፣ ሙስባሃዬን፣ ይዤ ቢሮዋ እየሄድኩ ተቀመጥኩ። ስብሰባ አለብኝ ስትለኝ ሂጂ፣ እጠብቅሻለሁ እላታለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ ያን ቀን ባዶ መሬት ላይ ቢያስቀምጡን ኖሮ ትሰጫቸው ነበር? በአማርኛ ጠየቅኳት። አንዳንዴ ትንሽ እንድታርፍ በሶማሊኛ ጠየቅኳት፤ ሶማሊኛ አትሰማም።

"ጥያቄው ሃይፖቴቲካል ነው እማማ" አለችኝ አንድ ጠዋት።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ያልሆነ ነገር ማለት ነው።"

"ግድግዳሽ ላይ 'ጤና ለሁሉም' ብለሽ የለጠፍሽውስ? እሱም እኮ ገና አልሆነም።"

ወደ ግድግዳው ዞራ አየች። ከዚያ ምክንያት መናገርን የሚከለክለውን ደንብ ፈልጋ ልታሳየኝ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ፈለገች፣ ፈለገች፣ አጣችው። ልማድ ነበር እንጂ ደንብ አልነበረም። ኮምፒውተሩን ዘጋችና "እሺ፣ ሄደን ፊት ለፊት እንንገራቸው" አለች።

ሳናስታውቅ እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሯ በሩን ከፍታ ስታየን ፊቷ ተለዋወጠ። ክፍሉ ውስጥ አንድ የሳር ምንጣፍና አንድ የውሃ ጀሪካን ብቻ ነበር።

"አዴ፣ ሰው ሳይናገር እንግዳ ይዞ ይመጣል?" አለችኝ በቁጣ። "አሁን ምን ላይ ላስቀምጣቸው?" ወደ ጎረቤት ልትሮጥ ስትል ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። በአማርኛ፣ ሳታሽሞነሙን ተናገረች። "የከለከልኳችሁ እኔ ነኝ። ቤታችሁን አይቼ ያላችሁ መስሎኝ ነው። ተሳስቻለሁ።"

እኔ ሊቀመንበሯ ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም። የሻሿን ጫፍ አጠፈች፣ ፈታች፣ መልሳ አጠፈች።

"እኔ እርስዎን የጠራሁት ሥራችንን እንዲያዩ ነው" አለች። "ድህነታችንን ለማየት ከሆነማ እዚህ ድረስ ምን አመጣሽ? በየመንገዱ ነበር።" በመሃል "እርስዎ" ማለቷን ትታ "አንቺ" አለቻት፤ እኔም አላረምኳትም።

"እውነትሽን ነው" አለች ልጅቷ።

"ያን ጊዜ፣ ሰሞኑን ማንን ሆስፒታል አደረስሽ ብለሽ ጠየቅሽኝ?"

"ማንን?"

ነገረቻት። ያኔ ከመጣች ገና ወር ያልሞላት የባሌ ልጅ ነበረች። ባጃጅ ጠፋ። ምጡ ሲመጣ መንገድ ዳር ግድግዳ እየያዙ፣ ሲለቅ እየተራመዱ ሄዱ። በር ላይ ዘበኛው ዘመድ ነሽ ወይ ብሎ ሊቀመንበሯን ሊመልሳት ነበር፤ እናቷ ነኝ ብላ ዋሸች። አዋላጇ ግፊ ስትላት እሷ በኦሮምኛ ግፊ አለቻት። "አልሀምዱሊላህ፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። እኔ ግን ጉልበቴ አለቀ። ቀጣይዋን ማን እንደሚወስዳት አላውቅም። እንዲህ ብዬ እነግርሽ ነበር፤ ያን ቀን ግን ስለ አባላት ብዛት ነው የጠየቅሽኝ።"

ከዚያ ሻይ አፈላች። ወተት አልነበረም፤ ያሉት ስኒዎችም አልበቁንም። ልጅቷ ተቀብላ ጠጣች። እዚያ ስለ ደንቡ ምንም አላልኳትም። መኪና ውስጥ ግን "ውሃው ጥቁር ነበር" አልኳት።

ስህተቱ የእኔ ነው ብላ ለዋናው ቢሮ ጻፈች። መጀመሪያ አይቻልም አሏት። ደግማ ጻፈች። ለደመወዟ እንደፈራች አውቃለሁ፤ በእነዚያ ቀናት ምሳ አትበላም ነበር፤ ሳምቡሳ ባመጣላትም ጫፉን ነክሳ ትተወዋለች። በመጨረሻ ኮሚቴው ነገሩን እንደ አዲስ እንዲያየው ተፈቀደ። በዚያ ስብሰባ እሷ ድምፅ ላለመስጠት ወጣች፤ እኔ ግን ነበርኩ፤ መኖሬንም ሁሉም ሰምቷል። ማኅበሩ አለፈ። ፋውንዴሽኑ ባጃጅ አይገዛም፤ ባጃጅ ግን ይከራያል። ልዩነቱን ቁጭ አድርገው ሲያስረዱኝ ዋሉ፤ አልገባኝም፤ ቶሎ ይከራዩላቸው ብዬ እሺ አልኩ። ለተረኛዋም አበል ተቆረጠላት።

ያን ቀን ወደ ቤት ስታደርሰኝ ዋሄን ገበያ አጠገብ መንገዱ ተዘጋ። ተሸካሚዎች ጆንያ በራሳቸው ላይ አድርገው በመኪናው ግራና ቀኝ ያልፋሉ። የማይሄድ መኪና ውስጥ ያለ ሰው መሸሺያ የለውምና ጠየቅኳት።

"አሁንስ ንገሪኝ። መሬት ላይ ቢያስቀምጡን ኖሮ ትሰጫቸው ነበር?"

"እማማ፣ ተሰጣቸው እኮ።"

"የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ሾፌሩ ክላክስ ነፋ፣ ተወ።

"አልሰጣቸውም ነበር" አለች። "ወንበር እንኳ የላቸውም፣ ይህን ያህል ገንዘብ ማስተዳደር አይችሉም ብዬ እጽፍ ነበር።"