ጋሽ ፓፓዬና የፍራፍሬ ሻጯ ኮክ

ጋሽ ፓፓዬ በስተርጅና ከፍራፍሬ ሻጯ ጋር ፍቅር ይዟቸዋል አሉ። ወሬውን ያመጣችው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። እሷ እጇ ላይ ያለው መርፌ ይጠፋባታል እንጂ የሰው ገመና ከሰባት ግድግዳ ማዶ ቁልጭ ብሎ ይታያታል። ማስረጃም አላት፦ ሰውዬው በየማለዳው የፍራፍሬ ሻጯ ሱቅ ደጃፍ ቆመው፣ ለወንድ ልጅ ሚስት የሚያጩ ይመስል አንዲት ኮክ ሲያገላብጡ ያረፍዳሉ። በማግስቱ ደግሞ ያው ናቸው።

ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ጋሽ ፓፓዬ ለፍቅር ቀርቶ ለማስነጠስም አቅም ያላቸው አይመስሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሆቴልና ለሐኪም ቤት ግድግዳ ፍራፍሬና አበባ ሲስሉ ኖረዋል። በከተማው ያለ በሽተኛ ሁሉ ተራውን የሚጠብቀው የእሳቸው ፓፓያ ላይ አፍጥጦ ነው፤ ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ከዚያ ነው። ዛሬ ብሩሽ ሲያነሱ ግንድ የተሸከሙ ይመስላሉ። "አሁንማ ወይኑም እኔን ማየት ሰልችቶታል" ይላሉ።

ቤታቸው ውስጥ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። ባለቤታቸው ከታመሙ ወዲህ ምግብ አስጠልቷቸዋል። ልጃቸው ለመነች፤ ሐኪሙ "ካልበሉ ከዚህ አልጋ አይነሱም" ብሎ ተቆጣ፤ እሳቸው ወይ ፍንክች። አንድ ቀን ታዲያ ሰዓሊው ብሩሽ አጥበው ሲመለሱ፣ ለሥዕል ብለው አልጋው አጠገብ ካስቀመጡት ሳህን ላይ አንድ ኮክ ጎድሏል። ባለቤታቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ አገጫቸው ግን ርሷል።

ጋሽ ፓፓዬ በማግስቱ ሌላ ኮክ ገዝተው ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። ድሮ የሚስሉት ቀድሞ የሚጠወልገውን ነበር፦ መጀመሪያ አበባውን፣ ከዚያ ኮኩን፣ ፖሙን መጨረሻ። አሁን ግን ቀድሞ የሚሰረቀውን ሆነ። ኮኩን ጥድፍ ጥድፍ አድርገው ይስሉና ብሩሽ ላጥብ ብለው ይወጣሉ። ሲመለሱ ሌባዋ እንዳይደነግጡ ከበሩ ውጭ ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ኮኩ የለም። በማግስቱ ወደ ሻጯ።

ልብስ ሰፊዋ ግን ወሬዋን ይዛ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። "እትዬ፣ ለእርስዎ አዝኜ ነው እንጂ እኔስ ወሬ አልወድም" አለችና ዘረገፈችው።

ከዚያ ወዲያ ሳህኑ አልጎደለም። ጋሽ ፓፓዬ ቢወጡ፣ ደጅ ቆመው ሳል እስኪያልቅባቸው ቢያስሉ፣ ኮኩ ካስቀመጡት ቦታ ንቅንቅ አላለም። ለሐኪም ቤት የጀመሩት ሥዕል ተጠናቀቀ፤ እንዲያ ያማረ ሥዕል ስለው አያውቁም። ኮኩ ጎኑ ጠቆረ። የባለቤታቸው ክንድ ከአንሶላው እጥፋት የማይለይ ሆነ።

"ለምንድን ነው የማትበይው?" አሉ በመጨረሻ።

"የውሽማህን ኮክ? ጥርስ ባይኖረኝ ክብር አለኝ።"

ሰዓሊው ወንበሩን ወደ አልጋው ስበው ዘጭ አሉ። ለመቆጣትም ለመሳቅም ጉልበት አልነበራቸውም።

"አልወዳትም" አሉ። "ፊቷን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም፤ መንገድ ላይ ባገኛት አልለያትም። በየማለዳው የምመላለሰው አንቺ ስለምትሰርቂኝ ነው። ሌላ ምንም የለም።"