ብረቱ፣ ላስቲኩና የአባቴ ክንድ

የዩኒቨርሲቲውን የስፖርት አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ስገባ ዓይኔ ያረፈው በግድግዳው ላይ በቆመው መሣሪያ ላይ ነው። ሁለት ረጃጅም የብረት ቋሚዎች ነበሩት፤ በመካከላቸው ጠፍጣፋ ብረቶች እንደ መጻሕፍት ተደራርበዋል። የሽቦ ገመድ ከላይ በመዘውር አልፎ ወደ ወለሉ ይወርድና፣ እዚያ በሌላ መዘውር ሥር ዞሮ ከእንጨት መያዣ ጋር ይታሰራል። አስተማሪያችን መያዣውን ሲስበው ብረቶቹ ያለ ድምፅ ተነሡ። እያንዳንዱ አምስት ኪሎ ነበር። አንዲት አጭር ዘንግ በቀዳዳ መሰካት ብቻ ነው፤ የፈለጉትን ያህል ክብደት ታነሣለች።

እኔ ያደግሁት እንጦጦ ላይ ነው። በሰፈራችን ክብደት ጀርባ ላይ ካልወጣ አይታወቅም። እዚህ ግን ቁጥር ተጽፎበት በሰልፍ ይጠብቃል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«አትፍሪው፤ አይነክስም» አለኝ አስተማሪው።

ወዲያው ያሰብኩት አባቴን ነው። አባቴ ቄስ ናቸው። በክረምቱ ከበቅሎ ወድቀው ቀኝ ክንዳቸው ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው አጥንቱን አገጣጥሞ በቀርከሃ አሰረላቸው፤ ማሰሪያው ሲፈታ ግን ክንዱ ቀጥኖ፣ ከትከሻ በላይ አልወጣም አለ። በየዓመቱ የካቲት ላይ ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ ታቦቱን በራሳቸው ላይ አክብረው፣ በሁለት እጃቸው ደግፈው ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ የሚዞሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ ጉዞ ላይ ክንድ ቢዝል ምእመን እጁን ዘርግቶ ሊያግዝ አይችልም። የደብሩ አለቃ አባቴን ለብቻቸው ጠርተው፣ «እጅዎ ካልጸና ዘንድሮ ለሌላ ካህን እንሰጣለን፤ ቅር አይበልዎ» ብለዋቸው ነበር።  አባቴ ያን ቀን ራት አልበሉም።

ስለዚህ አስተማሪዬን ለመንኩት። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምጫቸው» አለኝ።

አባቴ ከእንጦጦ በእግራቸው ወርደው መጡ። የአዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

«አባባ፣ እዚህ ጫማ አይወለቅም» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ወለሉ እንዲህ ጠርቶ እያየሽ?»

አስተማሪው ሰማንና የራሱንም ጫማ አወለቀ።

ዘንጓን ሁለተኛው ብረት ላይ ሰካት። አባቴ መያዣውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ወደ ላይ አነሡ። ክንዳቸው ከትከሻቸው አላለፈም፤ ብረቶቹ ግን ተነሡ።

«እግዚኦ!» አሉ። «በሬ እንኳ እንዲህ አይታዘዝም።»

አሥር ጊዜ ደጋገሙት። ፊታቸው ሲፈካ ካየሁ ወራት ሆኖኝ ነበር። አስተማሪውም ደስ ብሎት፣ «አባቴ፣ በየሳምንቱ ምን ያህል እንደምንጨምር ለማወቅ የሚሸከሙት ስንት ኪሎ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ» አለ። የሚሸከሙት ምን እንደሆነ አልነገርኩትም ነበር። እኔ ደግሞ ደብተሬንና እርሳሴን ይዤ ቆሜአለሁ፤ ጎበዝ ተማሪ መሆኔን እንዲያይልኝ ፈልጌ ፈጠን ብዬ ጠየቅሁ።

«አባባ፣ ታቦቱ ስንት ኪሎ ይሆናል?»

አባቴ መያዣውን ለቀቁት። ብረቶቹ ወርደው ሲጋጩ አዳራሹ በሙሉ ጮኸ።

«ታቦት ይመዘናል?» አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ይኸን ሁሉ ዓመት ከበደኝም ቀለለኝም ብዬ አላውቅም። እንዲያው በልቤ እንኳ አላልኩም።»

ጫማቸውን አድርገው ወጡ። አስተማሪው ባዶ እግሩን ቆሞ፣ «ይቅርታ፣ አላወቅኩም» አለ። እሱ ምን ያድርግ፤ እያወቅሁ የጠየቅሁት እኔ ነበርኩ።

በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ሽቅብ ሄድን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን የንስሐ ልጅ አላቸው። ሲያየን እጁን በጨርቅ ጠራርጎ መስቀል ሊሳለም መጣ።

«አባቴ፣ ዛሬም በግራ እጅ ነው የሚያሳልሙኝ?»

«ቀኙ እምቢ አለኝ፣ ልጄ።»

«ዩኒቨርሲቲ ትልቅ የብረት መሣሪያ አለ» አልኩ፤ አሁንም ዝም ማለት አቅቶኝ።

«ብረት! መኪና ልታደርጊያቸው ነው?» ብሎ ሳቀ። ከጥግ የጭነት መኪና ከመነዳሪ አነሣ፤ ነፋስ የሚሞላበትን የጎማውን የውስጥ ላስቲክ። ተቀዶ የተጣለ ነበር። በመቀስ ሦስት ጣት በሚሆን ስፋት ረጅም አድርጎ ቆረጠው። አንዱን ጫፍ በእግሩ ረግጦ ሌላውን በእጁ ወደ ላይ ሳበ።

«ይኸስ ስንት…» ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

«ይኼ ኪሎ የለውም፣ እቴ» አለኝ። «ትንሽ ከሳቡት ትንሽ ነው፤ ብዙ ከሳቡት ብዙ ነው።»

አባቴ ላስቲኩን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ አጣጥፈው ከጋቢያቸው ሥር ያዙት።

ከማግሥቱ ጀምሮ ከቅዳሴ መልስ ጓዳ ገብተው ላስቲኩን በእግራቸው ረግጠው ወደ ላይ መሳብ ጀመሩ። እናቴ አላስቀመጠቻቸውም።

«ጎረቤት ቢያይዎ ታስሮ ጠበል የሚጠብቅ በሽተኛ ነው ይላል።»

«ይበል። አንቺ ብቻ በሩን ዝጊው።»

«አንቺስ» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ፣ «ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ካህን በጎማ ልታስሪ ኖሯል?»

እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሁለቱን ነገሮች አወዳድር ነበር። ብረቱን አልነቅፍም። ዛሬ አሥር ኪሎ ያነሣ ሰው የዛሬ ወር አሥራ አምስት ሲያነሣ መበርታቱን በቁጥር ያውቃል፤ ላስቲኩ ይህን አይነግርም። ነገር ግን ብረቱ ከታች እስከ ላይ ያው ነው፤ የሚወጣበትንም መንገድ ቋሚዎቹ ይጠብቁለታል። ላስቲኩ ከታች ሲነሣ ይቀላል፤ ክንድ በደከመበት፣ ከትከሻ በላይ ባለችው ቦታ ላይ ይከብዳል። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይጎትታል፤ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የሰውየው ክንድ ብቻ ነው። ሲወርድም ካላገቱት ይፈናጠራል። አንድ ቀን ተፈናጥሮ የእናቴን ማሰሮ ሰብሯል፤ የዚያን ቀን የሰማነውን አልጽፈውም።

አባቴ ቁጥር አልቆጠሩም። እጃቸውን ዘርግተው ሳሉ አባታችን ሆይን ያደርሳሉ። መጀመሪያ ላይ ሳይጋመስ ክንዳቸው ይወድቅ ነበር። በገና ሰሞን እስከ መጨረሻው አደረሱት። በጥር ጸሎተ ሃይማኖትን ጨመሩ። ክንዳቸው እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል፣ ላብ በጺማቸው ይወርዳል፣ ድምፃቸው ግን አይሰበርም። መኪና ሲሸከም ኖሮ የተጣለ ላስቲክና የተሰበረ የሽማግሌ ክንድ እንዲህ እርስ በርስ ሲበረታቱ እያየሁ፣ በአዳራሹ ከተሰማኝ የበለጠ መደነቅ ያዘኝ።

ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት አለቃው ቤታችን መጡ። አባቴ ሳይጠየቁ ተነሥተው ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። አለቃው በልባቸው የሚደግሙትን ጸሎት ደግመው እስኪጨርሱ አባቴ እጃቸውን አላወረዱም።

«እንግዲህ እርስዎ ነዎት» አሉ አለቃው።

በበዓሉ ቀን ከሴቶቹ መካከል ቆምኩ። ታቦቱ ሲወጣ እልልታው ባሕር ዛፉን ያናወጠው መሰለኝ። አባቴ ፊታቸው በመጎናጸፊያው ተሸፍኗል፤ የሚታየኝ እጃቸው ነበር። የመጀመሪያው ዙር አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው፣ መሬቱ ቁልቁል በሚሆንበት በሰሜን በኩል፣ ቀኝ ክርናቸው ትንሽ ዝቅ አለ። አንድ ወጣት ካህን ጠጋ አላቸው።  ክርኑ እንደገና ተነሣ፤ ቀስ ብሎ፣ ጓዳ ውስጥ በላስቲኩ ላይ ይነሣ እንደነበረው። ወጣቱ ካህን ወደ ኋላው ተመለሰ። ታቦቱ ገባ።

ማታ ማዕድ ሲቀርብ አባቴ እጃቸውን ከጭናቸው ላይ ማንሣት አልቻሉም። ሁለቱም ክንዶች ዝለው ተኝተዋል። እናቴ አየቻቸው፤ የዚያን ቀን አልቀለደችም። እጇን ታጥባ አጠገባቸው ተቀመጠችና ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀበሉ።

«ድገሚኝ» አሉ።