መምህር ይሁኔ የሰረዛቸው ሁለት ጥያቄዎች

ባለፈው ሰሞን ሐይቅ ከተማ መብራት ሲጠፋ ባለሱቁ ከጓዳ አሮጌ ፋኖስ አውጥቶ ለኮሰ። የላምባው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ልገዛ የመጣሁትን ረስቼ ቆምኩ። ለእኔ ያ ሽታ የመምህር ይሁኔ ሽታ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ወዳለችው መንደራችን የተላከ የጎጃም ልጅ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ከጎተራው ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጠው። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም ተዋልዷል፣ ተዛምዷል፤ እሱ ግን የማንም አልነበረም። እሑድ እሑድ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሸሚዙን በመርፌ ሲጠቅም አየው ነበር። አላፊው ሁሉ «እንደምን ዋልክ መምህር» ይለዋል፤ አረፍ የሚል ግን የለም። ሬዲዮኑም ድንጋይ ጨርሶ ዝም ብሏል።

ያሳደገችኝ አክስቴ ዘምዘም ከእሱ ዘንድ ትማር ነበር። አመሻሽ ላይ ፋኖሱ ሲለኮስ እኔም ከጎኗ እቀመጣለሁ። ከጎልማሶቹ ሁሉ ቀድማ ማንበብ የቻለች እሷ ናት።

ፈተናው ከአውራጃ መጣ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንብቦ «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ነው። የተፈለገው ማንበብ መቻላቸውን ማወቅ ነበር። የወደቀ ከርሞ ይደግማል። መምህር ይሁኔ ደግሞ ውጤቱን አስረክቦ አገሩ ሊገባ ጓዙን ሸክፏል። እናቱ ታመዋል ብለው ልከውበት ነበር።

አክስቴ ለጥቂት ወደቀች።

መምህሩ አላመነም። ወረቀቶቹን መደብ ላይ ዘረጋቸው፤ በዚህ ጫፍ ደካማውን አንባቢ፣ በዚያ ጫፍ ጎበዙን። ከዚያ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እየያዘ መስመሩን ተከተለ። «ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ከሆነ» አለ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ «ወደ ጎበዙ ስንሄድ መልሱ እየቀና መሄድ አለበት።»

አብዛኞቹ እንዳለው ሆኑ። ሁለቱ ግን ተገለበጡበት፦ ባቡር በሐዲድ ላይ ይሄዳል የሚለውና መርከብ ከብረት ይሠራል የሚለው። እነዚህን ጎበዞቹ ስተዋቸው፣ ፊደል ሲቆጥር የሚያልበው ጎረቤታችን ጋሽ ይመር አግኝቷቸዋል።

አክስቴንና ጋሽ ይመርን ጠራቸው። አክስቴ የባቡሩን ሳትደናቀፍ አነበበችው።

«ታዲያ ለምን ሐሰት አሉ?»

«ወላሂ ልጄ፣ ባቡር የሚሉትን ዓይኔ አላየው። ያላየሁትን እውነት ብዬ ብመሰክር ነገ አላህ ፊት ምን እላለሁ?»

«አንቱስ ጋሽ ይመር?»

«እኔማ ሁሉንም እውነት ነው ያልኩት። መንግሥት የጻፈውን ሐሰት ልበል? ይህን አንገት ሁለተኛ ላላገኘው!»

አክስቴ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። መምህሩም ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ውጤቱን ሊወስዱ የመጡት ኃላፊ ግን አልሳቁም። መምህሩ «ሁለቱ ጥያቄዎች ማንበብን አይጠይቁም፣ ምስክርነትን ነው የሚጠይቁ፤ ይሰረዙ» ቢላቸው፣ «ፈርመህ አገርህ ግባ። ከሰረዝክ ፈተናው ይደገማል፤ እስኪደገም አንተም እዚሁ ነህ» አሉት። መምህር ይሁኔ የተሸከፈውን ጓዙን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እስክሪብቶውን አወጣና ሁለቱን ሰረዘ።

ክረምቱን እኛው ዘንድ ከረመ። እናቱ ያረፉት በዚያ ክረምት ነው። መርዶውን ሲሰማ ከተቀበሩ ሰንብተዋል። ደጁ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ዝናቡን ሲያይ አክስቴ እኔን አስከትላ ሄደች፤ ጋሽ ይመርም መጣ። እናቱን አናውቃቸውም፤ ስማቸውን እንኳ ያን ቀን ነው የጠየቅነው። አብረነው ተቀመጥን።

ክረምቱ አልፎ ወንዞቹ ሲጎድሉ ፈተናው ያለ ሁለቱ ጥያቄዎች ተደገመ፤ አክስቴ አለፈች። እሱም በውጫሌ በኩል ሄደ። ይኑር ይሙት አላውቅም።

እኔ በትምህርት አልገፋሁም። ዛሬ ለሽምግልና ስቀመጥ አንዱ ሰው «አይደለም» ብሎ ሲደርቅ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ይቆጡታል። እኔ ወደ እሱ ጠጋ እላለሁ። «ወንድሜ፣ እኛ የጠየቅንህ ምን መስሎህ ነው?» እለውና እስኪመልስልኝ እጠብቃለሁ።